ማስታወቂያው ታወሰ፤ ባለቤቱስ?

ጓደኛችሁን «ሰሞኑን በሬዲዮ ከሰማኸው ማስታወቂያ የትኛው ትዝ ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቀልዱን ይነግራችኋል፤ ተዋናዩን በስም ይጠራል፤ ካሻውም ዜማውን ያንጎራጉርላችኋል። «የማን ማስታወቂያ ነበር?» ስትሉት ግን ቆም ይላል። «የሆነ ባንክ መሰለኝ… ወይስ የሪል ስቴት?» ስፖቱን (አጭሩን የአየር ማስታወቂያ) ያሠራው ነጋዴ ከኪሱ አውጥቶ የከፈለው ለዚህ «መሰለኝ» ነው።

ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በውበታቸው አይደለም። መለኪያዬ አንድ ነው፦ ስማችሁን አውጥታችሁ የተፎካካሪያችሁን ስም ብታስገቡበት ማስታወቂያው ሳይደነቃቀፍ ይሄዳል ወይ? የሚሄድ ከሆነ የቱንም ያህል ቢያምር የእናንተ አይደለም፤ የዘርፉ ሁሉ ነው። የምጽፈውም የአየር ሰዓት እንደ ልባቸው ለሚገዙት ለትልልቆቹ ሳይሆን አንድ ስፖት አሠርቶ ዓመት ሊገለገልበት ለሚፈልግ ባለ ሱቅ፣ ባለ ክሊኒክ፣ ባለ ዳቦ ቤት ነው።

ዜማ ወይስ ንግግር?

በአዲስ አበባ የተዋጣላቸው ማስታወቂያ ነጋሪዎች ስቱዲዮ ገብተው አያውቁም። ቆራሌው በሰፈር ሲያልፍ ቃሉ በቅጡ ባይለይ እንኳ በአጠራሩ ብቻ ታውቆ አሮጌ ጠርሙስና ቆርቆሮ ይወጣለታል። የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ሲል የሚያዜመው መድረሻውን ነው፤ ስለ ወንበሩ ምቾት ግጥም አይገጥምም። የጥንቱ አዋጅ ነጋሪም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ቤት ይመታል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰሚውን ራሱን አዋጅ ነጋሪ ያደርገዋል።

የብዙዎቹ የሬዲዮ ዜማዎች ችግር እዚህ ላይ ነው። ሃያ አምስት ሰከንድ ስለ ጥራት፣ ስለ ውበት፣ ስለ ደስታ ይዘፈናል፤ የድርጅቱ ስም መጨረሻ ላይ በንግግር ይለጠፋል። ጆሮ የሚያስቀረው የተዘፈነውን ነው። ስለዚህ ዜማ ከመረጣችሁ ዜማው የሚያርፍበት፣ የሚደጋገመውና ቤት የሚመታው ቃል ስማችሁ ይሁን። ስማችሁ ሦስት አራት ፊደል ያለው አጭር ስም ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። «እገሌና ልጆቹ አጠቃላይ አስመጪና ላኪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» ከሆነ ግን ዜማውን ተዉት፤ ወይም መጀመሪያ ሰው የሚጠራው አጭር የንግድ ስም አውጡ።

ዜማ የሚያዋጣው ቶሎ ቶሎ ለሚገዛና ብዙ ሳያስቡ ለሚነሳ ዕቃ ነው፦ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ፓስታ፣ የታሸገ ውሃ። ሰው ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ የሚመርጠው አስቀድሞ አፉ ላይ የመጣለትን ነው። የጥርስ ክሊኒክ ወይም የሕግ ቢሮ ግን በዘፈን ሲጠራ ሰው ይስቃል እንጂ አይመጣም። ለነሱ ረጋ ያለ ንግግር ይሻላል።

ደግሞ ዜማ ማለት ሙሉ ዘፈን ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራው የኢንቴል መለያ ድምፅ ሦስት ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ዓለም ሁሉ ግን ያውቀዋል። በማሲንቆ ወይም በክራር የተመታች የሦስት ሰከንድ መለያ በንግግር ስፖታችሁ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆና ብትሰማ ከሙሉ ዘፈን ያነሰ ገንዘብ ታወጣላችሁ። ስማችሁ በአፍ ካልታሰረባት ግን ድምፅ ብቻ ሆና ትቀራለች፤ ስለዚህ ከስማችሁ ተነጥላ አትሰማ።

ታዋቂ ሰው ወይስ የራስ ምልክት?

አንድ ተዋናይ ጠዋት ባንክ ያስተዋውቃል፤ ከሰዓት በኋላ አፓርታማ ይሸጣል፤ ማታ የሕፃን ዳይፐር ይዞ ይመጣል። ሰውየው እንጀራውን ነው የሚጋግረው፤ አይፈረድበትም። የሚፈረደው አራተኛ ሆኖ ወረፋ በሚይዘው ነጋዴ ላይ ነው። ተመልካቹ ፊቱን ባየ ቁጥር የሚያስታውሰው ፊቱን ነውና ሦስቱም ድርጅቶች ከፍለው የሰውየውን ዝና አሳደጉ።

ምልክት ለሌላ ሲሠራ የታየበት የታወቀ ጉዳይ በባትሪ ድንጋይ ገበያ ላይ አለ። ዱራሴል እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከበሮ የሚመታ የአሻንጉሊት ጥንቸል ይጠቀም ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ተፎካካሪው ኢነርጃይዘር በዚያው ላይ የሚያፌዝ የራሱን ጥንቸል አሜሪካ ውስጥ አወጣ። ማስታወቂያው ተወደደ፤ ተመልካቹ ሳቀ። ብዙ ሰው ግን የዱራሴል ማስታወቂያ መሰለው። ኢነርጃይዘር ጥንቸሉ የራሱ ተደርጎ እስኪቆጠርለት ለዓመታት ገንዘብ ማፍሰስ ነበረበት። እናንተ ያ ገንዘብ የላችሁም።

የራስ ምልክት ምን ያህል እንደሚያገለግል ለማየት ቢራዎቻችንን ተመልከቱ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል፣ የጭፈራና የታዋቂ ሰው ማስታወቂያዎቹ በአንድ ጊዜ ጠፉ። ለየትኛው ቢራ ማን እንደጨፈረ ዛሬ ብትጠየቁ ይምታታባችኋል። እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው የጊዮርጊስ ቢራ ፈረሰኛ ግን ከነጦሩ ጠርሙሱ ላይ ቆሟል፤ ማንም ከሌላ ጋር አያምታታውም። ምልክቱ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ለተፎካካሪ አይሄድም፤ ሱስ ያዘው፣ ተፋታ፣ ከአገር ወጣ ተብሎ አይወራበትም።

ታዋቂ ሰው የሚጠቅምበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ሰዉ የማያውቀውንና የሚፈራውን አዲስ አገልግሎት ይዛችሁ ስትመጡ የታመነ ሰው በር ይከፍትላችኋል። ሰውየውና ዕቃው ቢገናኙ ደግሞ ይበልጣል፦ ሯጭ ለስፖርት ጫማ፣ በምግብ ዝግጅት የታወቀች ባለሙያ ለበርበሬና ሽሮ። የቲክቶክ ልጆችን በተመለከተ ከሚሊዮን ተከታይ ይልቅ ተከታዮቹ የት እንደሚኖሩ ጠይቁ። አየር ጤና ላለ ፀጉር ቤት ዱባይና ሚኒሶታ ያለ ተመልካች ልብ እንጂ ደንበኛ አይሆንም።

ቀልድ ወይስ አንድ እውነት?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

የሬዲዮ ድራማችን መንገዱ አንድ ነው። ሁለት ሴቶች ይገናኛሉ። «ውይ! እንዴት አምሮብሻል! ሚስጥሩ ምንድን ነው?» «አልሰማሽም እንዴ!» ከዚያ አድራሻ ይነበባል። በዚህ ቅርጽ ቀሚስም፣ የፊት ቅባትም፣ ሶፋም፣ የመኪና ብድርም ሊሸጥ ይችላል፤ ሲሸጥም ሰምተናል። ስም ብትቀይሩበት አይደነቃቀፍም።

ቀልድ የሚሠራው ቋጠሮው በዕቃው ብቻ ሲፈታ ነው። ምሳሌ ላውጣ። የፀሐይ ኃይል ባትሪ ትሸጣላችሁ እንበል። ሰፈሩ ጨልሟል። ዝምታ። ድንገት መብራት ይመጣል፤ የሁላችንም ሰፈር እንደሚያደርገው ልጆቹ በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ከአንድ ቤት ውስጥ ብቻ አንድ ሕፃን ግራ ገብቶት ይጠይቃል፦ «እማዬ፣ ማን ነው የመጣው?» ከዚያ ስማችሁ። ይህን ቀልድ ለሶፋ መስጠት አይቻልም። ሰው ለጎረቤቱ ሲያወራው ዕቃውን ሳይጠራ ሊያወራው አይችልም። ሌላም ጥቅም አለው፦ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ሲሉ ማስታወቂያችሁን በነፃ ይደግሙላችኋል። በየዕለቱ ከሚሆን ነገር ጋር የታሰረ ማስታወቂያ የአየር ሰዓት ይቆጥባል።

ቀልድ ካልመጣላችሁ አታስገድዱት። አንድ እውነት ይበቃል፤ ግን ሌላው ሊለው የማይችለው እውነት ይሁን። «ጥራት ያለው፣ ፈጣንና አስተማማኝ አገልግሎት» የማንም ነው። «ዳቦው ከእሳት የሚወጣው ሌሊት 11 ሰዓት ነው» የአንድ ዳቦ ቤት ነው፤ ለፋብሪካ ሠራተኛና ለአስቀዳሹም ቀጥተኛ መልእክት አለው።

የዚህ ዓይነቱ ትልቁ ምሳሌ የአገራችን የቱሪዝም መሪ ቃል ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገሪቱን ለዓለም ያስተዋወቁት «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው ነው። እንግዳ ሲያነበው «13 ወር ደግሞ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። ጠየቀ ማለት ቆመ ማለት ነው። መልሱ ጳጉሜን ናት፤ አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን ያላት ወር። (ሐምሌና ነሐሴን አዲስ አበባ ያሳለፈ ሰው በእንግሊዝኛው መሪ ቃል («13 Months of Sunshine») ውስጥ ባለችው ፀሐይ ላይ ቅሬታ ሊያቀርብ ይችላል፤ ወሩን ግን ማንም አይክድም።) እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» ተተካ። ትርጉሙ ጥልቅ ነው፤ ሉሲም፣ ቡናም፣ ዓባይም ይገቡበታል። በእኔ መለኪያ ግን ይበለጣል። የግብፅን ስም ብታስገቡበት ይሄዳል፤ የግሪክም ይሄዳል። 13 ወርን ግን ለግብፅ ቱሪዝም መስጠት የሚደፍር ያለ አይመስለኝም፤ የኮፕት ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር 13 ወር ቢኖረውም አገሪቱ የምትሠራው በ12ቱ ነውና።

እውነቱ የግድ የሚያኮራ መሆንም የለበትም። አሜሪካዊው የመኪና አከራይ ኤቪስ እ.ኤ.አ. በ1962 ሁለተኛ መሆኑን፣ ስለዚህም አጥብቆ እንደሚሠራ ተናገረ። አንደኛው ኸርትዝ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሲከስር የነበረው ድርጅት ማትረፍ ጀመረ፤ መሪ ቃሉንም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያዘው። ሆኖም ኤቪስ የተናገረው ስለ ራሱ ነበር። በኛ አገር የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያንና የሌላውን ምርት ወይም አገልግሎት ማንኳሰስን ይከለክላል። «እንደነ እገሌ ውሃ አንቀላቅልም» የምትል ባለ ወተት ቤት ትታወሳለች፤ በክስም ጭምር።

ሰምና ወርቅስ? አማርኛ ስለሚፈቅደው ጸሐፊው ሁሉ ይጓጓለታል። ለማንበብ ጊዜ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በካፌ ሜኑ ላይ፣ በፌስታል ላይ ወይም በቴሌግራም ጽሑፍ ላይ ደስ ይላል። መንገድ ዳር ግን ወርቁን ሳያገኝ መኪናው ያልፋል። የሚሠራው ኅብረ ቃሉ (ሁለቱን ትርጉም የያዘው ቃል) ስማችሁ ሲሆን ነው፤ አለበለዚያ ሰው በቅኔው ተደንቆ እናንተን ይረሳል።

ስለ በዓል ማስታወቂያ ደግሞ አጭር ነው ምክሬ፦ ተዉት። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል አደይ አበባ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ዋሽንትና «እንኳን አደረሳችሁ» ያልያዘ ድርጅት የለም። በዚያ መሃል የሚለይ ነገር ለመሥራት የምታወጡትን ገንዘብ ለኅዳር አስቀምጡት። የበግ፣ የቅቤና የዶሮ ነጋዴ ከሆናችሁ ምክሬ አይመለከታችሁም።

በአንድ ወር ማፍሰስ ወይስ ዓመቱን ማዳረስ?

የአየር ሰዓት ሻጩ ሁልጊዜ ብዙ ድግግሞሽ በአጭር ጊዜ ይሸጥላችኋል፤ ቅናሹም እዚያ ላይ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት እ.ኤ.አ. በ1959 ዚልስኪ የተባለ አሜሪካዊ ያሳተመውን ጥናት እወቁት። በቺካጎ ላሉ ሴቶች አንድ ዓይነት ምርት የሚያስተዋውቁ 13 ማስታወቂያዎች በፖስታ ተላኩ። ለግማሾቹ በየሳምንቱ፣ ለቀሩት በየአራት ሳምንቱ፤ ማለትም ዓመቱን ሙሉ። በየሳምንቱ የደረሳቸው በ13ኛው ሳምንት 63 በመቶ ያህሉ አስታወሱ። መላኩ ሲቆም ግን ቁጥሩ ወዲያው ያሽቆለቁል ጀመር፤ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ወደ ግማሹ ወረደ። በየአራት ሳምንቱ የደረሳቸው ቀስ እያሉ ወጡ፤ በዓመቱ መጨረሻ 48 በመቶ ደረሱ።

የማስታወቂያው ቁጥርና ወጪ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን እንደ ንግዳችሁ ይለያያል። የትምህርት ቤት ቦርሳና ደብተር ሻጭ ዓመቱን የሚወስንለት ነሐሴና መስከረም ስለሆነ ሁሉንም እዚያ ያፍስ። ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጥርስ ሐኪም፣ መካኒክ ግን መቼ እንደሚፈለግ አይታወቅም። ቧንቧ የሚፈነዳው ማስታወቂያ ባለበት ወር አይደለም። ለነሱ በወር ጥቂት ቀን፣ ግን ሳያቋርጡ፣ በተቻለ መጠንም በአንድ ጣቢያና በአንድ ሰዓት ይሻላል። ይህን የሚመርጥ ነጋዴ ከራሱ ጋርም መታገል አለበት፤ በሦስተኛው ወር ስፖቱ ይሰለቸዋልና። የሰለቸው እሱ ነው፤ ደንበኛው ገና መስማት መጀመሩ ነው።

የት ይነገር?

ሬዲዮ ለታክሲና ለሥራ ቦታ ነው፤ ሰሚው እጁ ተይዟል። ስለዚህ ስልክ ቁጥር አትዘርዝሩለት፤ ማንም አይጽፈውም። ስምና አንድ የታወቀ ምልክት ቦታ በቂ ነው። በምልክት ቦታ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። «ፒያሳ እገሌ ሕንፃ ፊት ለፊት» ብለው ያስነገሩ ስንቶች፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ሕንፃውም ፊቱም አልተገኘም። የማይነሳ ነገር ምረጡ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትልቅ አደባባይ።

ቢልቦርድ ለስምና ለምስል ብቻ ነው፤ ከስድስት ሰባት ቃል በላይ አታስጽፉበት። የሚኒባስ ስቲከር ውስጡ ከተለጠፈ ተሳፋሪው ሃያ ደቂቃ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያነበዋል፤ የተናቀ ግን ጥሩ ቦታ ነው፤ ሰምና ወርቃችሁንም እዚያ አውሉት። ቲክቶክ ላይ ስማችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ካልታየ እንዳልነበረ ቁጠሩት። ቴሌግራም ደግሞ የሚታወስ ማስታወቂያ ቦታ አይመስለኝም። እዚያ ሰው የሚመጣው ዋጋ ሊያይ ነው፤ ዋጋውን ጻፉለት። «በውስጥ መስመር» እያሉ ደንበኛ የሚያባርሩ ሱቆች ሁሌም ይገርሙኛል።

እንግዲህ ለማን ምን?

ርካሽና ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ካላችሁ፣ ስማችሁም አጭር ከሆነ፣ ስሙን የያዘ ዜማ። ውድና በዓመታት አንዴ የሚገዛ ከሆነ (የቤት ዕቃ፣ ባትሪ፣ የእንጀራ ምጣድ) በዕቃው የሚፈታ ቀልድ ወይም አንድ እውነት። ጤናና ሕግ ከሆነ ንግግር ብቻ፤ እሱም ቢሆን የሙያችሁ ደንብ ምን እንደሚፈቅድ ካረጋገጣችሁ በኋላ። ለሰው አዲስ የሆነ ነገር ከሆነ የታመነ ሰው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሳችሁን ቀለም፣ ድምፅ ወይም ምስል ከጎኑ አቁሙ፤ ሰውየው ሲሄድ ምልክቱ እንዲቀር። ሁለት ነገር አንድ ላይ ለማሠራት ገንዘብ ካላችሁ እኔ የምመርጠው አንዱን እውነትና ሦስት ሰከንዷን መለያ ድምፅ ነው። ታዋቂ ሰውን ከዜማ ጋር መቀላቀል ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ዘፈን እንጂ ማስታወቂያ አይደለም።

ከመልቀቃችሁ በፊት ስፖቱን ለማያውቋችሁ አምስት ስድስት ሰዎች አሰሙ፤ ለዘመድ አይደለም፤ ዘመድ ያመሰግናል። ያን ዕለት ምንም አትጠይቁ። በማግሥቱ ደውላችሁ «ትናንት የሰማኸው የምን ነበር? የማን ነበር?» በሉ። ከመርሳት ውስጥ ትልቁ ክፍል የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። በማግሥቱ ስማችሁን የሚጠራ ከግማሽ በታች ከሆነ ስክሪፕቱ ይመለስ። ስቱዲዮ ከመግባት በፊት በስልክ በተቀዳ ድምፅ ብትሞክሩት ደግሞ ወጪ የለውም።

በመጨረሻ ውሉን እዩ። የታወቀ ዘፈን ዜማ ወስዶ ግጥሙን በስማችሁ መቀየር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። አሠሪው ስቱዲዮ «ችግር የለውም፣ ሁሉም ያደርገዋል» ቢላችሁም ፈቃዱን በጽሑፍ ጠይቁ። የተሠራላችሁ ዜማ፣ ገጸ ባሕርይና መሪ ቃል የእናንተ ንብረት መሆኑ፣ ለሌላ ደንበኛ እንደማይሸጥም በውሉ ይግባ። ታዋቂ ሰው ካለበት በስንት ጊዜ ውስጥ ለተመሳሳይ ንግድ እንደማይሠራ ይጻፍ። ያለቀለት ስፖት ብቻ ሳይሆን ዜማው ለብቻ፣ የተናጋሪው ድምፅ ለብቻ ሆኖ እንዲያስረክቧችሁም አስፈርሙ፤ ሱቃችሁ በሚቀጥለው ዓመት ቦታ ቢቀይር አድራሻውን ብቻ አስነብባችሁ ትገጥማላችሁ፤ እንደ አዲስ አትከፍሉም።